በልጁ ቤት እንግዳ የሆነ አባት

አንድ አባት ነበረ። አንድ ልጅ ነበረው፤ ልጁም ትልቅ ውሃ ማዶ ይኖር ነበር።

ስለ እናትሽ ጠይቀሽኝ ስለ ሰው አባት ስጀምር ፊትሽ ተለወጠ። ታገሺኝ፣ ትርሲት። ያን ሁሉ መንገድ በአውሮፕላን መጥተሽ አጎትሽን ምክር ከጠየቅሽ፣ አጎትሽ በሚያውቀው መንገድ ይመልስልሽ። እናትሽ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ወጥቶላት፣ የራሷ ክፍል ተሰጥቷት፣ የምትበላው ሞልቶላት፣ በየሳምንቱ «አገሬ መልሺኝ» ትልሻለች። አንቺም ልመልሳት ወይስ እንቢ ልበላት አልሽኝ። እሷ እህቴ ናት፤ ስለ እሷ በቀጥታ ከተናገርኩ ለራሴ አደላለሁ። ስለዚህ የሰው አባት ይሻለናል።

ውሃው ሰፊ ነበረ። ጠዋት ከዚህኛው ዳር የተነሣች ወፍ ማዶ የምትደርሰው ሲመሽ ነው። የማዶው አገር ሁልጊዜ ጉም ይለብሳል፤ ሣሩ እንደ ረጠበ ይውላል፤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ አጠገብሽ ቆመው እንኳ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ታንኳዎቹ በሚቆሙበት ዳር አንዲት ዘበኛ ትቀመጣለች። ለጥየቃ ለመጣ ሰው ነጭ ክር እጁ ላይ ታስራለች፤ ጨረቃ ሞልታ ስትጎድል ነጩ ክር በራሱ ይበጠሳል፣ ሰውየውም ይመለሳል። ሰማያዊ ክር የታሰረለት ግን እስኪሞት ድረስ እዚያ መኖር ይችላል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ሰማያዊ ክር ያለው ሰው ውሃውን ተመልሶ ከተሻገረ ክሩ ይሟሟል፣ ሁለተኛም አይታሰርለትም።

ልጁ ለአባቱ ያንን ክር ለማግኘት ስንት ክረምት ደጅ ጠና መሰለሽ። ጎረምሳ ሆኖ ጠይቆ ጢሙ ከሸበተ በኋላ ተፈቀደለት። አባቱም በታንኳ መጣ፤ ዘበኛዋ ክሩን አሰረችለት፤ አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ልጁ ምግባሩ ያማረ ሰው ነበረ። አባቱን እሳቱ አጠገብ፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፎ አስቀመጠው። ሙክት አረደለት። ሽማግሌው ውሃ ልቅዳ ብሎ ሲነሣ፣ እኔ እያለሁማ አይሆንም ብሎ ቅሉን ይቀበለዋል። እንጨት ልፍለጥ ሲል መጥረቢያውን ይነጥቀዋል። ሕፃን ላባብል ሲል ምራቱ ሮጣ ትወስድበታለች። ጎረቤት አንድ ነገር ሊያማክረው ቢመጣ፣ አባቴ ዕድሜ ልኩን ደክሟል፣ ተዉት ይረፍ ይላል። እኛ ዘንድ ወላጅ የሚከበረው እንዲህ ነው፣ እጁን አስረን።

ሽማግሌውም ጨዋ ነበረ፤ የእንግዳ ወግ ያውቃል። የቀረበለትን ሁሉ ያመሰግናል። ቢጠማው ካልሰጡት አይጠይቅም። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ይባል የለ? በገዛ ልጁ ቤት ጨርቅ ከመሆን ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ በየጠዋቱ ጋቢውን ደርቦ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ በሩ አጠገብ ይቆምና በሉ እንግዲህ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልሂድ ይላል። ልጁ ደንግጦ የጋቢውን ጫፍ ይይዛል፤ ምን ጎደለብህ እያለ ይለምነዋል። ሽማግሌውም ምንም አልጎደለብኝም ብሎ ይቀመጣል። በማግስቱ ደግሞ ይነሣል።

ልጁ ይህ የአገር ናፍቆት ነው አለ። አጎዛውን ደራረበለት፤ ልመናውንም አበዛ። ልመናው በበዛ ቁጥር ሽማግሌው እንግድነቱ እየባሰበት ሄደ። የሚለመን እንግዳ ነዋ፤ የቤት ሰውንማ ማን ቆይልኝ ይለዋል? ቀስ በቀስ ሳሳ። ድምፁ ቀነሰ፤ ጥላውም ግድግዳው ላይ አልወድቅ አለ። አንዳንድ ጠዋት መደቡ ላይ ሰው መኖሩ የሚታወቀው በክሩ ሰማያዊነት ብቻ ነበር ይባላል።

በመጨረሻ ልጁ ፈራ። እዚህ ዓይኔ እያየ ከሚያልቅብኝ አገሩ ገብቶ ይኑርልኝ አለ። አንዴ ከተሻገረ ዳግመኛ እንደማይተያዩ ሁለቱም ያውቃሉ። ሽማግሌው፣ ልጄ ካሰናበተኝማ ሰልችቼው ነው ብሎ እሺ አለ። ልጁም፣ እሺ ካለማ መሄዱን ፈልጎት ነው አለ። ይሉኝታ የሚሠራውን አየሽ? ሁለቱም የማይፈልጉትን ነገር ሁለቱም ተስማሙበት።

በመሄጃው ጠዋት ልጁ የታንኳውን ገመድ ይዞ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሟል። ሽማግሌው ሊሳፈር አንድ እግሩን አንሥቷል። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ ደወል ሰሙ። የልጁ ላም አጥር ጥሳ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገብታለች። ልጁ ገመዱን ይዞ መሄጃ ቢያጣ ሳያስበው ተናገረ።

«አባዬ፣ ምን ቆመህ ታያለህ? ላሚቱን መልሳት እንጂ!»

ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ። አባቱን አዝዞ አያውቅም። ሽማግሌው ግን ስንቁን አሸዋው ላይ ጥሎ ጉሙ ውስጥ ገባ። የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነበረ፤ ላሚቱን ይሰድባል፣ ላሚቱን የወለደቻትን ላም ጭምር ይሰድባል። ልጁ ያንን ድምፅ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ቆሞ ሲያዳምጥ ገመዱ ከእጁ አመለጠ፤ ታንኳው ባዶውን እየተንሳፈፈ ከዓይን ጠፋ። ልጁ ሊከተለው አልሞከረም።

ሽማግሌው ላሚቱን እየነዳ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ብቅ አለ። ልጁ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት አባቱ ቀደመው።

«አጥር ነው ብለህ ነው ይሄን ያቆምከው? እንዲህ አድርጌ ነው እኔ ያሳደግሁህ?»

ልጁ እንደ ቆመ አለቀሰ፤ ከደስታው ነው። አባቱ ከመጣ ጀምሮ ከአፉ ምስጋና እንጂ ቁጣ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ አጥር ሲያጥር ዋለ። ራት ሲቀርብ አንዴ ጎረሰና ጨው የለውም አለ። በማግስቱ ጠዋት ልጁ ሲነሣ በሩ አጠገብ ማንም አልቆመም፤ አባቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ወጥቶ አጥሩ ጋ ነበረ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ልጁ አንቺ ነሽ፤ ክሩም ያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ እናትሽን አገር አስገብቷታል፤ ቤት ግን ገና አልገባችም። ዕቃ እንዳታነሣ፣ ልጆችሽን እንዳትቆጣ፣ ወጥ ቤት እንዳትገባ ከልክለሽ፣ እማዬ ትረፍ ብለሽ ሶፋ ላይ አስቀምጠሻታል። አክብረሻት እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ግን መልሺኝ የምትልሽ በሩ አጠገብ ቆማ ነው። ሂጂና እዘዣት። እማዬ ደክሞኛል፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጪልኝ በያት። መንገድ ብትስት ትሳት፣ ቋንቋ ባይኖራት በእጇም ቢሆን ጠይቃ ትመጣለች። ዕቃሽን ከቦታው አንሥታ ሌላ ቦታ ብታደርገው አትመልሺው። ከዚህ ሁሉ በኋላም መልሺኝ ካለችሽ፣ ያኔ እውነቷን ነውና ቲኬቷን ቁረጪላት፤ እኔ ራሴ ወጥቼ እቀበላታለሁ።

ናፍቃኛለች፣ አልደብቅሽም። በዚህ ቤት የምትቆጣኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ ምነው ጫማህ፣ ምነው ጩኸትህ፣ ምነው እንዲህ ታመሻለህ ስትለኝ ኖራለች። ከሄደች ወዲህ አንድም ሰው ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ሁሉም ያከብረኛል። ሂጂ ልጄ፣ አንቺን ትቆጣሽ።