የማን እግር ይታሰር?

አንዲት ጠብ የሚፈሩ እናት ነበሩ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ። በጓሯቸው ጥቂት ዶሮዎች ያረባሉ፤ በቤታቸው ደግሞ ትልቋ ልጃቸው ጥሩወርቅና የወንድ ልጃቸው ሙሽራ ስንዱ አብረዋቸው ይኖራሉ። ልጁ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወጥቶ ይሰነብታል እንጂ ቤት አይውልም።

ከዶሮዎቹ አንዷ ገብስማ ናት። ዶሮ ናት ብላችሁ አትናቁ፤ ጠብ ያለሽ በዳቦ ነች! ጥሬ ሲበተን መጀመሪያ የምትለቅመው እሷ፣ ቆጥ ላይ ከሁሉ በላይ የምትሰፍረው እሷ፣ የቀደመቻትን ሁሉ አናት አናቷን የምትነቁረው እሷ። እንቁላል በመጣል ግን የሚስተካከላት የለም፤ ስለዚህ ማንም አይናገራትም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ደብሪቱ ከገበያ አንዲት ነጭ ዶሮ ገዝተው መጡ። አዲስ ዶሮ ደጁን እስኪለምድ እግሩን ማሰር የአገር ልማድ ነውና፣ እግሯን በሲባጎ አስረው ጫፉን ከማድ ቤቱ ምሰሶ ጋር ቋጠሩት። ገና ዞር ከማለታቸው ገብስማዋ መጥታ ነጯን ነቆረቻት። ነጯ ሮጠች፤ ሲባጎው ሲያልቅ ወደ ኋላ ጎትቶ ጣላት። ይሄን ያዩ የቀሩት ዶሮዎች፣ ትናንት ራሳቸው ሲነቆሩ የነበሩት ሳይቀሩ፣ ተግተልትለው መጥተው ላባዋን ይነጩ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ደብሪቱ እረፍት አጡ። ምስር ሊለቅሙ ይቀመጣሉ፤ ነጯ ትጮሃለች፤ ሰፌዱን ጥለው ይነሳሉ። «እሽ! ጥፊ ከዚህ!» እያሉ ዱላ ይወረውራሉ። ዶሮዎቹ ይበተናሉ፤ እሳቸው ሲቀመጡ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ነጯን ቅርጫት ደፉባት፤ ቅርጫቱ ሲነሳ እንደ አዲስ ወረዱባት። ሲባጎውን ቢያሳጥሩት ደግሞ ጭራሽ ባሰ።

ቤት ውስጥም ያው ነበር። ጥሩወርቅ ስንዱን ቁም ስቅሏን ታሳያታለች። «ይሄ ወጥ ነው ወይስ የሳህን እጣቢ?» ትላታለች። «በእናንተ አገር እንዲህ ነው እንዴ የሚኬደው?» ትላታለች። እንግዳ ሲመጣማ ይብስባታል። ወይዘሮ ደብሪቱ ይሰማሉ፤ ግን ጥሩወርቅን አይናገሯትም። ቤቱን ደግፋ የያዘችው እሷ ናት፤ ስትቆጣ ደግሞ ቤቱን ቀውጢ ታደርገዋለች። ስለዚህ ስንዱን ወደ ጓዳ እየጠሩ ይለምኗታል።

«ሆድ ይፍጀው በይ፣ ልጄ። መልስ አትስጫት። ለባልሽም እንዳትነግሪ፣ እህትና ወንድም ይጣላሉ። እናትሽም ጋ ሄደሽ እንዳታለቅሺ፣ ሰው ምን ይለናል? ቤቱን እስክትለምጂ ነው።»

«እሺ፣ እማማ» ትላለች ስንዱ። ምን ትበል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታቸው እትዬ የዝና ጩኸቱ ቢሰለቻቸው በአጥር በኩል ብቅ አሉና፣ «ኧረ ደብሪቱ! ነጯን አሳርጃትና ሁላችንም እንረፍ!» አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ነገሩ ልክ መሰላቸው። ቢላዋ ይዘው የሚያርድላቸው ወንድ ሊፈልጉ ሲወጡ፣ ስንዱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከክፍሏ ስትወጣ ተገጣጠሙ።

«ወዴት ነው?»

«እናቴ ቤት። እኔ ስሄድ ቤቱ ሰላም ይሆናል፣ እማማ።»

ይሄኔ ነጯ ጮኸች። ከአናቷ ደም ይወርዳል። ስንዱ ሻንጣዋን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ሲባጎውን መፍታት ጀመረች።

«ኧረ ተይ፣ ትጠፋለች!»

«ትጥፋ!» አለች ስንዱ፣ ሲባጎውን ከነጯ እግር እያላቀቀች። «ነቋሪዋ ልቅ፣ ተነቋሪዋ እስረኛ! ቢያንስ የምትሸሽበት እግር ይተዉላት፣ እማማ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ቢላዋውን እንደያዙ ቆሙ። ስለ ዶሮዋ ብቻ እንዳልተናገረች ገባቸው፤ በጣም አፈሩ። ቢላዋውን አስቀምጠው ሲባጎውን ከስንዱ እጅ ተቀበሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ገብስማዋን ያባርሩ ጀመር። በጎመኑ መሃል፣ በውሃው በርሜል ዙሪያ፣ እሳቸው ሲሮጡ እሷ ስትበር፣ አያድርስ ነው! በመጨረሻ ያዟትና ከምሰሶው ጋር ቋጠሯት።

ጥሩወርቅ ግርግሩን ሰምታ ወጣች። «እማዬ! እንቁላል የምትጥለውን ታስሪያለሽ?»

«እንቁላሏን መች ከለከልኳት?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አንቺም ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስንዱን አንድ ክፉ ቃል ብትናገሪያት ለወንድምሽ የምነግረው እኔው ራሴ ነኝ። ስንዱ፣ አትንገሪ፣ አትመልሺ ያልኩሽን ሁሉ ተይው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አለች ጥሩወርቅ።

«አንቺ ስትሰድቢያት በማን ፊት ነበር?»

ጥሩወርቅ በሩን አላትማ ገባች። ስንዱ የዚያን ቀን አልሄደችም። ገብስማዋ ታስራ ሳለ የቀሩት ዶሮዎች ነጯን ዘንግተው ጥሬያቸውን ሲለቅሙ ሰነበቱ፤ ለካ ጀማሪ ሲጠፋ ተከታይም የለም። ገብስማዋ ስትፈታ ነጯ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀቻት፤ ተያዩ፣ ተያዩና ገብስማዋ ዞር አለች። ጥሩወርቅም ብዙ አኩርፋ ኩርፊያዋን ተወች። ምላሷ ጨርሶ ተገራ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ግን አሁን ስንዱም ትመልሳለች።

አይ እኛ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በዳዩ ኃይለኛ ስለሆነ ወይም ስለሚጠቅመን እንተወዋለን። ተበዳዩ ለስላሳ ስለሆነ ቻል እንለዋለን፤ መቻል ሲያቅተው ደግሞ ከመሃላችን እናስወጣውና ጩኸቱ ሲቆም ሰላም ወረደ እንላለን። ትዕግሥት መልካም ነው፤ በተበዳይ ጫንቃ ላይ ብቻ ሲጫን ግን ለበዳይ ዱላ ማቀበል ነው። እስቲ በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ አስቡ፦ «ቻል» ብላችሁ የመከራችሁትን ሰው ታስታውሱታላችሁ። በዳዩንስ «ተው» ያላችሁት መቼ ነው?