ዘጠኝ ክንድ ያለፈው ወንዝ

በእኛ አገር ወንዝ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል አብሮ ይነሣል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ የተጀመረው በቢያድግልኝ ሠርግ ቀን ነው።

ቢያድግልኝ ሚዜዎቹንና አጎቱን አያ ጓንጉልን አስከትሎ ሙሽራዪቱን ሊያመጣ ሲወጣ፣ እግሩ መሬት የረገጠ አይመስልም ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ግን ጎርፍ የእንጨት ድልድዩን ጠራርጎ ወስዶታል። ከማዶ አማቱ ግራዝማች ወርቅዬ ቆመው ይጮኻሉ።

«ፀሐይ ከጠለቀች ልጄን አልሰጥም! እድምተኛው በረሃብ አለቀ!»

አያ ጓንጉል ግን ረጋ ብለው፣ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ወደ ማዶ አስወረወሩ። የሙሽራዪቱ ወንድም ቀለበው። በድልድዩ ፈንታ የሚጋደመው ግንድ በየዳሩ የሚያርፍበትን ማረፊያ ጨምረው ከዳር እስከ ዳር ወጠሩትና ሽማግሌው ገመዱን በክንዳቸው ለኩት።

«ዘጠኝ ክንድ ያልፋል፤ አሥር ግን አይሞላም» አሉ።

«እንግዲያው ዘጠኝ ነዋ!» አለ ሙሽራው። «ያቺ ትርፍ ምን አላት? ግንዱም ይቀለናል።»

«ኧረ ተው ልጄ፣ ያቺው ትርፍ ናት ወንዝ የምትከትህ!»

አልሰማም። ዳር ላይ ከቆሙት ሁለት ባሕር ዛፎች አንዱን ጣለና ዘጠኝ ክንድ ላይ ቆረጠው። ሚዜዎቹ ግንዱን አቁመው ወደ ማዶ ለቀቁት። ጫፉ ማረፊያውን ለጥቂት ስቶ ውሃው ውስጥ ተምቦጫረቀ። ቢያድግልኝ አስቀራለሁ ብሎ ዘሎ ያዘው፤ ወንዙ ግንዱን ይዞ ሄደ፣ እሱን ሚዜዎቹ በእጀ ጠባቡ ጎትተው አወጡት። የማዶ ሴቶች ዘፈኑን ትተው በሳቅ ፈረሱ።

አሁን የቀረው አንድ ዛፍ ብቻ ነው። ሚዜዎቹ ደግሞ ክርክር ገጠሙ። አንዱ «ትርፏ ስንዝር ናት» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ ሁለት ስንዝር ናት! እንደገና ይለካ!» ይላል። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ቢያድግልኝ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ አጎቱ ዞረ።

«አያ፣ ምን ይሻላል?»

«አንድም ስንዝር ትሁን ሁለት፣ ምን ቸገረህ? ዘጠኝና አሥር መካከል መሆኗን ካወቅህ በቃህ። አሥር ቁረጥ!»

አሥር ቆረጠ። ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ተጋደመ፤ ሠርገኛውም አንድ በአንድ ተሻገረ። ግራዝማች የአማቻቸውን ጭቃ የለበሰ ገላ ሲያዩ ቁጣቸው ጠፋ፤ የራሳቸውን ካባ አውልቀው ደረቡለት።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አሉት ሳቃቸው እያመለጣቸው።

ቢያድግልኝ አፍሮ አንገቱን ሲደፋ፣ አያ ጓንጉል ትከሻውን መታ መታ አድርገው መለሱለት፤ «ምን ያገኛል ግራዝማች፣ ከዘጠኝ ላለፈ ወንዝ፣ የአሥር ክንድ ግንድ ያዝ!»