ከባሕሩ ምን ወጣ?

አንድ ቀን ቀይ ባሕር ዳር ባለች የወደብ ከተማ የግብር ሹሙ ፊታውራሪ አሰጋኸኝ በጀልባ ተሳፍረው፣ ነዳጅ ለመፈለግ ባሕሩ ላይ ወደ ተተከለው የብረት ማማ ሄዱ። ፊታውራሪ ያዩትን ሁሉ ካላስገበሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። ከዚህ በፊት የመጣውን ድርጅት ለመልህቁ ግብር፣ ለቧንቧው ግብር፣ «ማሽኑ ዓሣ ያስደነግጣል» ብለው ለጩኸቱም ግብር ቢጠይቁት፣ ገና ሳይቆፍር ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። የወደቡ ሰው ይኸኛውም እንዳይሄድበት ሰግቷል። ከሁሉ የባሰበት ደግሞ የድርጅቱ አስተርጓሚ ኢድሪስ ነው፤ ሠርጉ ተቃርቧል፣ የልጅቷ አባት ግን «ሥራ ለሌለው ልጄን አልሰጥም» ብለዋል።

ፊታውራሪ ማዕበሉ ሆዳቸውን አገላብጦት፣ ፊታቸው አመድ መስሎ መሰላሉን ወጡ።

«ጉድጓዱ የታለ?» አሉ ብረቱን ሙጭጭ አድርገው ይዘው።

«ከውኃው ሥር ነው ጌታዬ» አለ ኢድሪስ።

«ከግብር ልትደብቁት ነዋ ውኃ የሞላችሁበት!»

«ኧረ እኛ አይደለንም! ስንመጣም ውኃው እዚሁ ነበር።»

«ተወው! ለፈረንጅህ ንገረው። ከዚህ ጉድጓድ ከሚወጣው ሁሉ ግማሹ የእኔ ነው። ዛሬውኑ ካልሰጠኝ ማማውን አሽገዋለሁ!»

ኢድሪስ ለፈረንጁ መሐንዲስ ለሙሴ አንቶን ተረጎመለት። ከክረምት ጀምሮ ቆፍሮ ጠብታ ነዳጅ ያላየው ሙሴ አንቶን በርበሬ መሰለ። ባርኔጣውን የብረቱ ወለል ላይ ፈጠፈጠ፤ እጁን እያወናጨፈ «በቃ፣ ነገውኑ ነቅለን እንሄዳለን!» እያለ በቋንቋው ለረጅም ጊዜ ጮኸ።

«ምን አለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«‹እሺ› ነው የሚለው ጌታዬ።»

«ይሄ ሁሉ ጩኸት እሺ ለማለት ነው?»

«ቋንቋቸው ረጅም ነው።»

ፊታውራሪ ደስ አላቸው። «እንግዲያስ እስካሁን ከጉድጓዱ ምን ወጣ?»

«ኧረ ብዙ ወጥቷል!»

የፊታውራሪ የባሕር ሕመም ድራሹ ጠፋ። «ስንት በርሜል?»

«በበርሜል የሚሰፈር አይደለም ጌታዬ።»

«እሰይ! ግማሹን ነው እንግዲህ፤ እንዳትሸራርፍብኝ!»

«ምን በወጣኝ!» አለ ኢድሪስ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው። «ብቻ በኋላ እንዳንካካድ፣ እነዚህ ሁሉ ይስሙ። የወጣው ምንም ይሁን ምን፣ ግማሹ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው! ዙፋን ችሎት ድረስ ብትከሰኝ የእኔ ነው! አሁን የወጣውን አምጣው!»

ኢድሪስ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እስካሁን የወጣው ወጪ ብቻ ነው። ግማሹን እዚሁ ይከፍሉናል ወይስ ቤትዎ ድረስ እንከተልዎ?»

ሠራተኞቹ በሳቅ ወደቁ። ፊታውራሪ ቀልተው ጠቁረው፣ «ነዳጅ እስኪወጣ ግብር የሚባል ነገር እንዳልሰማ!» ብለው መሰላሉን ሁለት ሁለት እየረገጡ ወረዱ።

ሙሴ አንቶን ጀልባዋ ስትሸሽ አይቶ ግራ ገባው። «ምን ብለህ ነው የሸኘኸው?» አለው ኢድሪስን።

«ሸሪክ አግኝቼልዎ ነበር ሙሴ፤ አመለጠን።»