ጠጠር በአፏ የያዘች ቆቅ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ «አቤት አቤት» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ፈጣሪ ለእንስሳት አንደበት፣ ለድንጋይም ቃል በሰጠበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር አንዲት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ ዳር፣ ከሣሩ ሥር፣ አንዲት ቆቅ እንቁላሎቿን ታቅፋ ትኖር ነበር። ይቺ ቆቅ ወሬኛ ናት። ጎህ ሲቀድ የጀመረችውን ወሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ አትጨርሰውም።

አንድ ዓመት በጋው ጠናና ምንጯ ቀጠነች። እንስሳቱም፣ «ማን ቀድሞ ይጠጣ፣ ማንስ ይከተል የሚለውን የሚወስን ጠባቂ እንምረጥ» ተባባሉ። ለምርጫው ዝሆንና ድኩላ ቀረቡ። ቆቋ ድኩላን ወደደች። ለምን ቢሉ፣ አምና ዝሆን ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ፣ ሳያይ እንቁላሎቿን ረግጦባታል። ዘንድሮ ጠባቂ ሆኖ ከምንጯ ዳር ከዋለማ የእንቁላሎቿ ነገር አለቀለት።

የአገሩ ሽማግሌ አባ ኤሊ ነበሩ። ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ሁለት ቅል አሰቀሉ፤ ነጩ የዝሆን፣ ቀዩ የድኩላ። ሁሉም ጠጠሩን በአፉ ይዞ ለየብቻው እየገባ፣ በወደደው ቅል ጥሎ ይወጣል። ቆቋም የራሷን በጠዋቱ ቀዩ ውስጥ ጣለች።

ኋላ እማማ ከርከሮ መጡ። በእርጅና ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ነጩን ከቀዩ አይለዩም።

ጦጣ ዘላ ደረሰች። «እማማ፣ እኔ ልጅዎ እያለሁ! ይስጡኝ፣ ላድርስልዎ!»

«ጠርተውሻል?» አሉ አባ ኤሊ።

«ኧረ አልጠሩኝም፤ አዝኜላቸው ነው እንጂ!»

«እንግዲያው እያዘንሽ ተቀመጪ። የሚረዳቸውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው።»

ዝሆን ኩምቢውን ዘረጋ። «በሉ እሺ፣ እኔ ልምራዎት።»

«አንተማ ራስህ ለምርጫ ቀርበሃል» አሉ አባ ኤሊ። «ሹመት የሚፈልግ የሌላውን ጠጠር አይነካም። ደግሞ እግርህን ሰብስብ፤ አጥሩን ልትጥለው ነው!»

እንስሳቱ ሳቁ። እማማ ከርከሮ ግን ጆሯቸውን አቅንተው፣ «ያቺ ቆቅ የታለች? ድምፅዋን አውቀዋለሁ። እሷ ትርዳኝ» አሉ።

ይሄኔ ሳቁ ጫጫታ ሆነ። «ቆቅ? የሰማችውን ሳትናገር የማታድረው?»

አባ ኤሊ ቆቋን ጠሯት። «ስሚኝ ልጄ። ካሉሽ ቦታ ታደርሻለሽ። ይሄን ይምረጡ፣ ያን ይተዉ አትያቸውም። ያየሽውን እዚያው ትተሽ ትወጫለሽ።»

«እሺ፣ አባ።»

ከአጥሩ ጀርባ ሲሆኑ እማማ ከርከሮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ለዝሆን አድርጊልኝ። ያኔ ውሃ ሲጠፋ አሸዋውን በጥርሱ ቆፍሮ ከሞት ያወጣን እሱ ነው።» ጠጠራቸውንም በምንቃሯ አስያዟት።

ቆቋ «እማማ፣ እንቁላሎቼስ?» ልትል ከጀለች፤ አፏን ብትከፍት ግን ጠጠሩ ይወድቃል። ቀና ብላ ቀዩን ቅል አየችው። ቅርብ ነው። ማንስ ያያታል?

«አንተ ቅል፣ ብጥልብህ ታወጣብኛለህ?» አለች በሆዷ።

«እኔ ሆድ እንጂ ዓይን የለኝም» አለ ቅሉ። «የሰጡኝን እቀበላለሁ።»

ያን ጊዜ ጠጠሩ በምንቃሯ ውስጥ ሞቀ፤ ተናገረም። «የያዝሽኝ አንቺ ነሽ፤ የምናገረው ግን የእሳቸውን ቃል ነው። ሌላ ቦታ ብትጥይኝ እማማን ዲዳ አደረግሻቸው።»

ቆቋ ደነገጠች። ያ ትንሽ ጠጠር እንደ ተራራ ከበዳት። መቅደስ ደጃፍ እንደ ደረሰ ሰው ክንፏን ሰብስባ ቆመች። ከዚያ ወደ ነጩ ቅል በረረች። ጠጠሩም ቋ ብሎ ወረደ።

«አደረስሽልኝ?»

«አደረስኩልዎ፣ እማማ።»

ጠጠሩ ሲቆጠር ዝሆን በአንዲት ጠጠር በለጠ።

ወዲያው ጦጣ መጣች። «ቆቂት፣ የከርከሮዋ ለማን ነበር? ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ!» ቆቋ ዝም።

ድኩላ መጣች። «እኅቴ፣ ለእኔ ነበር አይደል? ልጽናናበት እንጂ ለማንም አልናገርም።» ቆቋ ዝም።

በመጨረሻ ዝሆን ምድሩን እያንቀጠቀጠ መጣ። «እማማ ለእኔ ሰጥተው እንደሆነ ንገሪኝና ደስ ይበለኝ። እኔም ጎጆሽን ዙሪያውን አጥሬ እጠብቅልሻለሁ።»

አስቡት እንግዲህ ልጆቼ! አንዲት ቃል ናት። ያውም እውነት፤ ያውም ዝሆንን የምታስደስት። ቆቋ የዝሆንን እግር አየች፤ እንቁላሎቿን አየች። ክንፏን አለበሰቻቸው።

«ጋሼ ዝሆን» አለች፣ «ጠጠሩ አሁንም አፌ ውስጥ ነው።»

ነፋሱ ቆመ። ምንጯ እንኳ የምትፈስበት ድምፅ ጠፋ። ዝሆን፣ ያ ተራራ የሚያህል፣ እፍኝ በማትሞላ ወፍ ፊት ኩምቢውን ዝቅ አደረገ።

«እኔን ያልፈራሽ፣ የፈራሽው ማንን ነው?»

«አደራን የሚያየውን ጌታ።»

ዝሆን እያንዳንዱን እግሩን እያየ፣ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በወዲያኛው በኩል ዞሮ ወደ ምንጯ ይወርድ ጀመር። እንቁላሎቹም ተፈለፈሉ። ቆቋ ወሬዋን መቼ ተወች! ሌላ ሌላውን ሁሉ አወራች፤ ያቺን ግን ለጫጩቶቿም አልነገረች።

የሌላውን ድምፅ እንዲያደርስ የተጠራ፣ እጁን ያውሳል እንጂ የራሱን ፍላጎት አይጨምርበትም፤ ካደረሰም በኋላ አፉን ይዘጋል።

ተረቴን ለእናንተ ሰጠሁ፤ ምስጢሩን ለባለቤቱ መለስኩ።