ሦስት ስቴሽን፣ አንድ ጉርሻ

በአንድ ወቅት፣ ኮልፌ ውስጥ፣ ሦስት ልጆች ለእናታቸው የምትሆን አንዲት የቤተሰብ መኪና ሊገዙ ተስማሙ። መኪናዋ ስቴሽን እንድትሆንም ተስማሙ፤ ኋላዋ ረዘም ያለ፣ ሰውንም ዕቃውንም አንድ ላይ የምትይዝ። ከዚያ በኋላ በምንም ነገር አልተስማሙም። እኔ የሦስቱም ጎረቤት ነኝ። የሦስቱንም ቤት ክትፎ በልቻለሁና ለማንም አላደላም።

እናትየው እማማ አስካለ ይባላሉ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ አራት ዓመቱ ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት አንድም ጊዜ ለመስቀል አገራቸው ጉራጌ አልወረዱም፤ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፎ መቀመጥ ከየት ይምጣ! አገር ቤት ደግሞ ታላቅ እህታቸው እትዬ ትርንጎ አሉ። እሳቸው «አስካለ ሳትመጣ የመስቀል ክትፎ አልቀምስም» ብለው ምለው፣ አራት መስቀል ሙሉ በጎመን ብቻ አሳልፈዋል። በእኛ አገር በመስቀል ክትፎ እምቢ ማለት ቀልድ አይደለም። ዘንድሮ እንዲህ ብለው ላኩ፦ «እኔም እያረጀሁ ነው። ከዚህ በላይ ጎመን አልችልም።»

የበኩር ልጅ ዳርጌ መርካቶ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይነግዳል። መኪኖቹን በሜትር ለክቶ ነጯን መረጠ፣ ረጅሟን። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ሙሉ ፍራሽ ይዘረጋባታል። «መኪና ማለት ሆዷ ነው» አለ።

ሁለተኛዋ ስንቅነሽ ልብስ ሰፊ ናት። እሷም ሜትር ያዘች፤ የለካችው ግን መኪና ሳይሆን እናቷን ነው። ከመሬት እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ወገብ ለካችና በሯ ሰፊ፣ ወንበሯ ዝቅ ያለውን ሰማያዊዋን መረጠች። «መኪና ማለት ወንበሯ ነው» አለች።

የመጨረሻው ሳህሌ የመንገድ ሥራ ሹፌር ነው። እሱ ምንም አልለካም። በጀርባው ተኝቶ ከመኪኖቹ ሥር ገባ፣ በአቧራ ተለውሶ ወጣ፣ ከመሬት ከፍ ያለችውንና አራቱም ጎማዋ የሚጎትተውን አረንጓዴዋን መረጠ። ቀለሟ ተላልጧል፤ እሱ ግን ግድ አልሰጠውም። «መኪና ማለት እግሯ ነው» አለ።

ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቁ። ሻጮቹ የሰፈር ሰዎች ነበሩና ሰልችቷቸው፣ «ለመስቀል በሦስቱም ውረዱ፤ ስትመለሱ አንዷን ትወስዳላችሁ» አሏቸው። እማማ አስካለ ይህን ሲሰሙ ፍርዱን ለራሳቸው ወሰዱ።

«የመስቀሉን የመጀመሪያ ጉርሻ የማጎርሰው ላደረሰኝ ልጅ ነው» አሉ። «የእሱ መኪና ትገዛለች። ቁልፉም እሱ ዘንድ ይሆናል፤ በየዓመቱ ይዞኝ ይወርዳል።»

«እማዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ» አለች ስንቅነሽ።

«ጉርሻውን እደግማለሁ። ቁልፉ ግን አይደገምም።»

የመስቀሉ በሬ በሚታረድበት ቀን ዋዜማ፣ ጠዋት፣ ሦስቱም መኪኖች በር ላይ ተሰለፉ፤ ሰፈሩም ሊያይ ወጣ። እማማ መጀመሪያ ወደ ነጯ ሄዱ። ዳርጌ ባዶ እጁን አገር መግባት የማያውቅ ሰው ነው። ለዘመድ አዝማዱ ብርድ ልብስና ጋቢ፣ ለአክስቱ አዲስ ፍራሽ ሲጭን፣ ሲጭን፣ እናቱ የሚቀመጡበትን ቦታ ረስቶታል! ነጯ እስከ ጣራዋ ጢም ብላለች። ወደ አረንጓዴዋ ዞሩ፤ እግራቸውን ቢያነሱ ቢያነሱ መርገጫው ላይ አልደረሰም። ሳህሌ ሊሸከማቸው ሲል «እኔ ጆንያ ነኝ?» አሉት። ሰማያዊዋ ዘንድ ሲደርሱ ዞር ብለው ቁጭ አሉ፤ በቃ፣ ገቡ። «የቤቴን መደብ ትመስላለች» ሲሉ ሰፈሩ እልል አለ።

እኔም አብሬ ተሳፈርኩና እስከ ጉራጌዋ ከተማ እምድብር እየዘፈንን ሄድን። እማማ አንድም ጊዜ «ጉልበቴን» አላሉም።

ወደ መንደሩ የሚያስገባውን የአፈር መንገድ ስንይዝ ግን የመስከረም ዝናብ ቀድሞን ነበር። ሰማያዊዋ ጭቃው ላይ በሆዷ ተኛች። ሳህሌ በገመድ ሊጎትታት ሞከረ፤ ዝቅ ያለች ስለሆነች ጭቃውን እንደ ማረሻ እያረሰች ይበልጥ ሰመጠች። እኔም ስገፋ አንድ ጫማዬን እዚያው ቀብሬያለሁ። መንደሩ ከፊታችን ነው፤ ከእትዬ ትርንጎ ጣራ የሚወጣው ጭስ ሳይቀር ይታያል። እማማ አስካለ ያንን ጭስ ሲያዩ እንባቸው መጣ። «ከዚህ ልመለስ ነው?» አሉ።

ዳርጌ የነጯን የኋላ በር ከፈተና ያን ሁሉ ስጦታ እየወረወረ መንገድ ዳር፣ የእንሰት ቅጠል ላይ ከመረው። ፍራሹን ብቻ አስቀርቶ ዘረጋው። ነጯን በኋላዋ ከሰማያዊዋ በር አስጠጋና እናቱን አንሸራተትን አስገባናቸው፤ ጉልበታቸው ሳይታጠፍ ጋደም አሉ። ዳርጌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጁን አገሩ ሊገባ ነው። ዘፈኑን እንደገና ያነሳው ግን እሱ ነበር።

ነጯ ብቻዋን ያንን ጭቃ አትሻገርም። ሳህሌ ገመዱን ከሰማያዊዋ ፈትቶ ከነጯ ጋር አሰረ። አረንጓዴዋ አጓራች። እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳ፣ አንድም ቦታ ሳትቆም፣ ነጯን እየጎተተች ዳገቱን ወጣች። እናቱ የእሱን መኪና አልተሳፈሩባትም፤ እሱ ግን በመስታወቱ እያያቸው መንደር እስኪገባ ድረስ ሲስቅ ነበር።

እትዬ ትርንጎ ደጅ ቆመው እየጠበቁ ነበር። የመኪናው የኋላ በር ተከፍቶ እህታቸውን ከነፍራሹ ሲያዩ፣ «ሙሽራ ናት ወይስ ዕቃ ነው ያመጣችሁልኝ?» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሁለቱ ተቃቀፉ፤ ሳቁ፣ አለቀሱ፣ እንደገና ሳቁ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ!

በማግስቱ በሬው ታረደ። ክትፎው በሸክላ ጣባ ቀረበ። እማማ አስካለ ቆጮ ቆርሰው፣ ክትፎውን ጠቅልለው እጃቸውን አነሱ። ሦስቱም ልጆች ተጠጉ።

«ከኮልፌ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ» አለች ስንቅነሽ። «ባልለካሽ ኖሮ ዛሬም ቤትሽ፣ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጥሽ ነበርሽ።»

«መኪናሽ እኮ እስካሁን ጭቃ ውስጥ ናት» አለ ዳርጌ። «እዚህ ደጅ ድረስ ያመጣኋት እኔ ነኝ።»

«ገመዴን ብፈታው ሁለታችሁም እዚያው ነበራችሁ» አለ ሳህሌ።

ስንቅነሽ ወደ እሱ ዞረች። «ያንተዋ ላይስ እማዬ በምን ልትወጣ ነው? በመሰላል?» ከዚያ ወደ ዳርጌ፤ «አንተስ፣ ለሚመጣው ዓመት ስጦታህን ትተዋለህ ወይስ እናትህን?»

እትዬ ትርንጎ ትዕግሥታቸው አለቀ። «አራት ዓመት ጎመን የበላሁት እኔ ነኝ! እኔን አጉርሺኝና ይለቅ!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እማማ አስካለም ሳቁ፤ እጃቸው ግን አልወረደም።

እንግዲህ ስንቅነሽ የእናቷን ጉልበት አወቀች። ዳርጌ ክብሩን መንገድ ዳር ጣለ። ሳህሌ ያልተሳፈሩለትን እናት ጎትቶ አደረሰ። ቅቤው ከእማማ ጣት ወደ ክንዳቸው መውረድ ጀምሯል፤ ሦስት አፍ ተከፍቷል፤ የእትዬ ትርንጎን ከጨመራችሁ አራት ነው። ሳይቀዘቅዝ ፍረዱ፦ ያ ጉርሻ የሚገባው ለማን ነው?