ደብሪቱ የጠበቀችው ፍም

ተረት ተረት! «የላም በረት» የሚለኝ ከሌለ አፌን አልከፍትም። እህ፣ እንዲያ ነው!

በድሮ ዘመን ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። አንድ ቀን የአገሩ ጭቃ ሹም በሬ የድሃ ገብስ በላ። በሸንጎ «የማን በሬ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ደብሪቱ ግን «የጌታዬ የጭቃ ሹሙ ነው» አለች።

ጭቃ ሹሙ በቁጣ ጦፈ። «ከዛሬ ጀምሮ ከጋራው ወዲያ ትሰደድ! እሳት የሰጣት፣ ከእሷም እሳት የጫረ፣ ተከትሏት ይሂድ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

ደብሪቱ በገል ፍም ይዛ ሄደች፤ ከጋራው ወዲያ ጎጆ ቀለሰች። አፈሩ ያው አፈር፣ ውሃውም ያው ውሃ ነው። ጧት ስትነሳ «እንዴት አደርሽ?» የሚላት ግን የለም። ስደት ማለት ይኸው ነው፣ ልጆቼ። እሳቷ ቢጠፋ ከማን ትጭራለች? ስለዚህ ሲመሽ ፍሟን በአመድ ትቀብራለች፣ ሲነጋ ትቆሰቁሳለች።

ክረምት ገባ። ሰባት ቀን ዶፍ ወረደ። በመንደሩ የአንዱ እሳት ጠፋ፤ «ከጎረቤት እጭራለሁ» ብሎ ተኛ። ጎረቤቱም እንዲሁ ብሎ ተኝቷል! መንደሩ በሙሉ አመድ ታቅፎ አደረ። እንጨት ቢያፋትጉ ረጥቧል። ሕፃናት በብርድ ተንቀጠቀጡ። ከጋራው ወዲያ ግን ጭስ ይታያል።

በመጀመሪያ የቀድሞ ጎረቤቷ አቻምየለሽ ገል ይዛ መጣች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እባክሽ እሳት!»

«እሳቱስ አለ፤ አዋጁስ? ስደትን እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ልጄ፤ ላንቺ አልመኘውም።»

አቻምየለሽ እያለቀሰች ተመለሰች። ደብሪቱም አለቀሰች።

ቀጥሎ የጭቃ ሹሙ ሎሌ መጣ።

«ጌታዬ ልከውኝ ነው፤ እሳት!»

«እሳቱስ አለ፤ አዋጁስ?»

ሎሌው እያጉረመረመ ተመለሰ።

በሦስተኛው ጭቃ ሹሙ ራሱ እየተንሸራተተ፣ እየወደቀ እየተነሳ መጣ። ያን ቀን ሹመቱን ሳይሆን ጭቃውን ብታዩት!

«ሚስቴ አራስ ናት፤ በብርድ ልትሞትብኝ ነው!»

«እሳቱስ አለ፣ ጌታዬ፤ አዋጁስ? ከጫሩ እኮ መሰደድዎ ነው። ጎጆዬ ደግሞ ለሁለት ትጠባለች።»

«በቃ፣ ሽሬዋለሁ!»

«ለእኔ ጆሮ ብቻ አይሻርም። በአደባባይ ያስነገሩትን በአደባባይ ይሻሩት።»

ጭቃ ሹሙ ጋራው ጫፍ ላይ ወጣ። «ስሙ! አዋጁ ተሽሯል! በሬውም የእኔ ነበር፤ የበላውን ገብስ እተካለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ደብሪቱ ፍሟን ይዛ መንደር ገባች። አራሷ ሞቃት። በየቤቱ ጭስ ወጣ። እፎይ!

በማግስቱ ደብሪቱ ያን ሁሉ ወራት የጠበቀችውን እሳት በገዛ እጇ ውሃ ደፋችበት። ገሏን ይዛም አቻምየለሽ ደጅ ቆመች።

«አቻምየለሽ፣ እሳት ልጭር?»

«ግቢ እንጂ እትዬ! እንዴት አደርሽ?»

ደብሪቱ አገሯ የገባችው ያን ጊዜ ነው።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ ልጆቼ። በሉ፣ ተረቴን ተቀብላችኋል፤ አፌን የምታብሱበት ዳቦ ወዴት አለ?