ለእስትንፋስ ሽምግልና የለም

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ መኩሪያ እንበላቸው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲጣላ፣ “ኧረ ጋሽ መኩሪያን ጥሩልን” ይባላል። እሳቸውም ጋቢያቸውን ደርበው ይመጣሉ፣ ሁለቱንም ወገን ያዳምጣሉ፣ በመጨረሻ “አንተም ተው፣ አንቺም ተይ” ብለው ያስታርቃሉ። በዚህች ቃል ከመፍረስ የተረፈው ትዳር ስንት ነው መሰላችሁ።

እኚህ አስታራቂ ታዲያ ሲተኙ ያንኮራፋሉ። ማንኮራፋት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በመሃል ትንፋሻቸው ቀጥ ይላል። ከዚያ ውኃ ሊበላው እንደደረሰ ሰው ተደናብረው ይባንናሉ። ቀን ደግሞ በተቀመጡበት እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አንድ ጊዜ ሊፋቱ የደረሱ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ተቀምጠው፣ ሴትየዋ እያለቀሰች በደሏን ስትናገር፣ ጋሽ መኩሪያ አንኮራፉ። ሴትየዋ ነጠላዋን አነሳችና ወጣች። አልተመለሰችም።

ሐኪም ዘንድ ሄዱ። “ጋሼ፣ ሲተኙ ጉሮሮዎ እየተዘጋ ነው፤ በዚህ ከቀጠለ ልብዎ አይችለውም” አላቸው። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብልና በቱቦ አየር የሚነፋ ትንሽ ማሽን ታዘዘላቸው። ልጆቻቸው ተረባርበው ገዙ።

ያን ዕለት ምን ሆነ መሰላችሁ? ያንኮራፉ የነበሩት ሰው አኮረፉ።

“እኔ በቅሎ ነኝ ልጓም የምታስገቡብኝ? እስትንፋሴን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው። ከግድግዳ ጋር በገመድ ታስሬ አልተነፍስም” አሉ። እውነትም ነገሩ አይመችም። ማሰሪያው ጉንጭ ይጫናል፣ አየሩ በጎን እያፏጨ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ አፍ ይደርቃል። ያወልቁና ይወረውሩታል። ደግሞስ ጎረቤት ቢያይ? ሰው ምን ይላል?

አስታራቂ ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ይደራደራል። ሚስታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን “በቃ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ላድርገው፣ ከዚያ በኋላ ልተወው። እኔም ልተው፣ አንቺም ተይ” አሏቸው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዕድሜያቸውን በሙሉ ችለው የኖሩ ሴት ናቸው። ይህንን ግን አልቻሉም። የባላቸውን የሽምግልና ጓደኞች ለእሁድ ከሰዓት ጠሩ። “መኩሪያ አኩርፏልና አስታርቁልኝ” አሉ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ከጋሽ መኩሪያ ጋር ተቀመጡ። ታላቃቸው ጋሽ ሽብሩ “ማንን ነው ያኮረፈው?” ሲሉ፣ ጥሩወርቅ ማሽኑን አምጥተው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም።

“ሁላችሁም ማንኮራፋቱ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይመስላችኋል። ድምፁ ሲሰማ እተኛለሁ፤ እሱ አለ ማለት ነው። የምነቃው ድምፁ ሲቆም ነው። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ይመለስ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል አይደል የሚባለው? የተመታው አፍንጫ የሱ ነው፣ የሚያለቅሰው ዓይን የኔ ነው።”

ጋሽ ሽብሩ ልማድ ሆኖባቸው “እንግዲህ አንቺም ተይ...” ብለው ጀመሩ።

“አይሆንም ጋሽ ሽብሩ” አሉ ጥሩወርቅ። “እኔ የምተወው የለኝም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መተንፈስ የማያስፈልገው ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።”

ጋሽ መኩሪያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እያለቀሱ ነበር። “እጅሽ ደረቴ ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር” አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቀላል ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። በእንቅልፍ ልባቸው እያወለቁት ጠዋት ከአልጋ ሥር ይገኛል። ማሰሪያውን አላሉ፣ ጭምብሉን በልካቸው አስለወጡ፣ ቀን ቀን ሬዲዮ እየሰሙ አድርገውት እየተቀመጡ ለመዱት። እየቆየ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይዘውት ማደር ጀመሩ። አንድ ጎረቤት “ጋሼ፣ አብራሪ ሆኑ አሉ፤ ኧረ ሰው ምን ይላል?” ብሎ ቢያሾፍ፣ እንዲህ መለሱለት፦ “ሳላደርገው ብሞትስ ምን ይላል? ‘ደግ ሰው ነበር’ ይላል። ንፍሮውን ቆርጥሞ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የማትተኛው ጥሩወርቅ ናት። ስለዚህ ሰው ያሻውን ይበል።”

ወገኖቼ፣ እናንተስ? መድኃኒቱን ከልብስ ሥር ደብቃችሁ “ከወሰድኩት እምነት ጎደለኝ ያሰኛል” የምትሉ፣ ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? አዳምን በአፍንጫው እፍ ብሎ ያስነሳ አምላክ በቱቦ እፍ ቢል ከልካዩ ማን ነው?

“አረቄውን ለጾሙ ልተወው፣ ከፋሲካ በኋላ እናያለን” የምትሉስ? ከማን ጋር ነው የምትደራደሩት? ከሞት ጋር? ሞት ሽማግሌ ሰምቶ ያውቃል? ግማሽ መዳን የት አያችሁ?

ሰውን ፈርታችሁ ነው። አትፍሩት። የምትፈሩት ሰው ዛሬ ማታ ስለ እናንተ አያስብም። እቤታችሁ ውስጥ ግን በእናንተ ምክንያት እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ። ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። አሁን አሜን አትበሉኝ። ሂዱና አስተኙት።